«ይንኩት» ትል የነበረችው ጥሩወርቅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው ዳንግላ ነው። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሬን ከፍቼ፣ ለረጅም ዘመን ሂሳብ ያስተማርኩበትን የእንጅባራውን ኮሌጅ ድረ ገጽ መመልከት ልማዴ ሆኗል። የምፈልገው ነገር ኖሮኝ አይደለም። የምዝገባ ማስታወቂያውን፣ የፈተና ፕሮግራሙን፣ ቤተ መጻሕፍቱ ያስገባቸውን አዳዲስ መጻሕፍት አይቼ እዘጋዋለሁ። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ግን፣ የለመድኩት ገጽ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ማስጠንቀቂያ ወጣ። የድረ ገጹ የደኅንነት ሰርተፍኬት ጊዜው አልፎበታልና መቀጠሉ አደጋ ሊኖረው ይችላል ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን የኔትወርክ ችግር ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እኔ ግን ድረ ገጹን የምትጠብቀው ጥሩወርቅ በሥራ ገበታዋ ላይ አለመኖሯ ወዲያው ገባኝ። ወይም ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ወዲያው የገባኝ ይመስለኛል፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በኋላ የሰማውን ቀድሞ ያወቀው አድርጎ የመቁጠር ድክመት አለበት። ያም ሆነ ይህ ስልኬን አንስቼ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ ቢያድግልኝ ዘንድ ደወልኩ።

«አልሰሙም እንዴ መምህር?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ሁሉ በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ አልደፍርም። ለብዙ ጊዜ ታማ እንደነበረች፣ ሕመሟን ግን ለማንም እንዳልተናገረች፣ ለሕክምና ባሕር ዳር ወርዳ በሕይወት እንዳልተመለሰች፣ አዘና አጠገብ ባለው የትውልድ ቀበሌዋ እንደተቀበረች ነገሩኝ። ስልኬን ደጋግመው ሞክረው ኔትወርክ እምቢ እንዳላቸውም አስረዱኝ። እኔም፣ ሰው በድንጋጤ ጊዜ የማይረባ ነገር እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ የድረ ገጹ ሰርተፍኬት ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«መጥቷል፤ አልነካሁትም» አሉኝ።

ይህ አነጋገር ለሌላ ሰው ትርጉም አይኖረው ይሆናል። ለእኔ ግን የጥሩወርቅን ድምፅ ጭምር ይዞ ነው የመጣው። ለምን እንደሆነ ለመናገር ስለ እርሷ መጻፍ ይኖርብኛል።

ጥሩወርቅ የኮሌጁን ኮምፒውተሮችና ሰርቨሮች የምታስተዳድር ባለሙያ ነበረች። በዘርፉ ሁለተኛ ዲግሪ አላት፤ ከአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ይመጣላት የነበረውን ጥሪ ሁሉ ትታ ወደ አገሯ የተመለሰች ናት። እንጅባራን እንደ እናቷ በአገሬው ስሟ ቆሰበር ነበር የምትላት። ከእናቷ ጋር በስልክ በአዊኛ ስታወራ ድምፅዋ ይለወጥ ነበር፤ ይሞቃል ልበል፣ ይወፍራል ልበል፣ ትክክለኛውን ቃል እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም። ሰርቨሮቹ የተቀመጡበት ክፍል ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ሰንብቶ ነበር። እርሷ ግን መስኮቱን ከፍታ፣ ጋቢዋን ደርባ፣ በቀርከሃ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትሠራለች። ማቀዝቀዣው መቼ ይጠገናል ብለው ሲጠይቋት ወደ መስኮቱ እያመለከተች፣ ቆሰበር ያለ ክፍያ ያቀዘቅዝልናል ትል ነበር።

አንድ ልማድ ነበራት። ወረቀት ሲሰጧት ከማንበቧ በፊት የቀኝ ዳሩን በአውራ ጣቷ ከላይ እስከ ታች ትዳስሰዋለች፤ ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን ታያለች። ባዶ መሆኑን እያወቀች ነው። ችግር ይዞ የመጣን ሰው ደግሞ ምንጊዜም አስቀድማ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ መጨረሻ ላይ የነካው ማን ነው? ሰውየው ሲደነግጥ ስታይ ታክልበታለች።

«ለወቀሳ አይደለም። የመጣበትን መንገድ እንዳውቅ ነው።»

ሁሉም ማለት ይቻላል እኔ ምንም አልነካሁም ይላል። እርሷም ፈገግ ብላ፣ ነገሩ ታዲያ በራሱ እግር ሄዶ ነው የተበላሸው እያለች ወደ ሥራዋ ትዞራለች።

አሁን የማወራው ነገር የሆነው በምዝገባ ሳምንት ነው። ዓመቱን ለመጥቀስ ሞክሬ ነበር፤ ሁለት ዓመታት እየተምታቱብኝ ስለሆነ ትቼዋለሁ። የደኅንነት ሰርተፍኬት ማለት አንድ ድረ ገጽ በእርግጥ የባለቤቱ መሆኑን ለጎብኚው የሚያረጋግጥ መታወቂያ ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ይታደሳል። አዲሱ ሰርተፍኬት ከዋናው ከተማ በኢሜይል ይላካል፤ ጥሩወርቅ ስክሪፕት በሚሉት፣ ራሷ በጻፈችው አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ አማካይነት ቦታው ላይ ታስቀምጠዋለች። ቀድሞ ፋይሉን የምትቀበለው እርሷው ራሷ ነበረች። በዚያ ዓመት ግን ማናቸውም ወደ ኮሌጁ የሚገባ ነገር ሁሉ በመዝገብ ቤት በኩል ብቻ እንዲያልፍ የሚያዝ ሰርኩላር ወጣ።

መዝገብ ቤት ማለት አቶ ቢያድግልኝ ናቸው። ሥራ የጀመሩት በታይፕ ጸሐፊነት ነው፤ የጽሕፈት መኪናቸው ያን ጊዜም በመደርደሪያው ላይ ጨርቅ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። በእርሳቸው ደንብ የገባ ነገር ይከፈታል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይታያል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ዋናው መዝገብ ቤት ይቀራል፣ ቅጂው ከዋናው ጋር ተመሳክሮ ለክፍሉ ይመራል። ጥሩወርቅ በዚህ ታሾፍባቸው ነበር።

«ጋሼ ቢያድግልኝ እኮ» ትላለች፣ «ቫይረስ እንኳ ቢመጣ ቁጥር ሳይሰጡት አያሳልፉትም።»

«ታዲያስ» ይሏታል፣ «ማን እንደላከው ሳይታወቅ ይግባ?»

ሰርተፍኬቱ ሲመጣ ደንቡን ሳያጓድሉ ፈጸሙት። በቢሮአቸው ኮምፒውተር ከፈቱት። ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የቁጥር መዓት ነው፤ ከላይ እዚህ ይጀምራል፣ ከታች እዚህ ያበቃል የሚል መስመር አለው። ዋናውን አስቀርተው በሌላ ስም ቅጂ አስቀመጡ። ከዚያም፣ ይህን ራሴ ባላይም የነገሩኝ ሰው የሚያጋንኑ አይደሉም፣ ሁለቱን በስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን አድርገው፣ ጣታቸውን እያስኬዱ፣ ያንን ሁሉ የማይነበብ ፊደል አንድ በአንድ አመሳከሩት። አንድም ልዩነት አላገኙም። ቅጂውን በፍላሽ ገልብጠው፣ ከዋናው ጋር መመሳከሩን በፊርማቸው አረጋግጠው ለጥሩወርቅ ላኩላት።

ስክሪፕቱ ቅጂውን አልቀበል አለ፤ የቀድሞው ሰርተፍኬት ጊዜም በዚያው አለቀ፤ ድረ ገጹ ተዘጋ። ከግምጃ ቤት ከተማና ከአዘና በሚኒባስ ተጭነው የመጡ ተማሪዎች ሳይመዘገቡ በግቢው ውስጥ ቀሩ። ከፊሎቹ ዘመድ ቤት አደሩ፤ ከፊሎቹ በመጡበት ተመለሱ። ጥሩወርቅ ፋይሉን ስትከፍተው እንከን የለውም፤ ስክሪፕቷ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ሁሉ ሲሠራ የኖረ ነው። በስተመጨረሻ ያንኑ የተለመደ ጥያቄዋን ይዛ ወደ መዝገብ ቤት ወረደች። እኔ በዚያ ሰዓት እዚያ የተገኘሁት ለምን እንደነበረ አላስታውስም። የትምህርት ማስረጃ ለማስገልበጥ ይመስለኛል። መገኘቴን ግን አልጠራጠርም።

አቶ ቢያድግልኝ የነኩት እርሳቸው መሆናቸውን ሳይሸሽጉ ተናገሩ። እርሷም ዋናውን እንዲያሳዩዋት ለመነቻቸው። ዋናውንና ቅጂውን በራሷ ላፕቶፕ ጎን ለጎን ከፈተቻቸው፤ ሁለቱም አንድ ናቸው። ከዚያ የሆነ ትእዛዝ ስትጽፍ ፋይሎቹ ዓይን የማያያቸውን ምልክቶች ጭምር ይዘው ወጡ። በዋናው ላይ በየመስመሩ ማብቂያ አንድ ምልክት አለ፤ በቅጂው ላይ ሁለት።

«ይህ ከየት መጣ?» አሉ አቶ ቢያድግልኝ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

እርሷ በቃል አላስረዳቻቸውም። ተነስታ ጨርቁን ከጽሕፈት መኪናይቱ ላይ ገፈፈችና፣ ድሮ አንድ መስመር ሲያልቅባቸው ምን ያደርጉ እንደነበር እንዲያሳዩዋት ጠየቀቻቸው። እጃቸው ከአእምሮአቸው ቀድሞ ሄደ። ማንሻውን ያዙ፤ ወረቀት የሚይዘው ክፍል እየተንሻራተተ ወደ መነሻው ተመለሰ፤ ወረቀቱን የሚገፋው ዘንግም አንድ እርምጃ ተሽከረከረ።

«ሁለት ሥራ ነው የሠሩት» አለች። «መለሱት፤ ደግሞ ወረቀቱን ገፉት።»

«ሁለቱም ያስፈልጋል እንጂ» አሉ በሙያቸው እንደተነኩ ሁሉ። «ሳትገፊ ብትመልሺው እኮ ፊደል በፊደል ላይ ይደራረባል።»

እየሳቀች የእርሳቸው ኮምፒውተርም ልክ እንደ እርሳቸው መሆኑን ነገረቻቸው፤ መስመር ባለቀ ቁጥር ሁለቱንም ምልክት ያኖራል። ሰርቨሩና ሰርተፍኬቱን የላኩት ሰዎች ማሽን ግን በአንዱ ብቻ ይበቃቸዋል። ፋይሉ በቅጂነት ሲቀመጥ ማንም ሳያዘው ሁለተኛው ምልክት በየመስመሩ ጭራ ላይ ገባ። ስክሪፕቱ እዚህ ያበቃል የሚለውን መስመር ሲፈልግ፣ ያገኘው ያ መስመር ከኋላው የማይታይ ነገር ተከትሎታልና ይህ አይደለም ብሎ ያልፈዋል። ፋይሉ አልቋል፤ ስክሪፕቱ ግን መጨረሻውን ገና እየጠበቀ ነው።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ባልኖረኝ። ምዝገባው በመስተጓጎሉ ወላጆች አቤቱታ አቅርበው ስለነበር፣ አስተዳደሩ ጥፋተኛውን ለይቶ የሚያቀርብ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ከአባላቱ አንዱ እኔ ሆንኩ። አቶ ቢያድግልኝ ከዚያ በፊት በጠፋ ፋይል ምክንያት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው ነበር። አንድ ጥፋት ቢጨመር ከሥራ እንደሚሰናበቱ ሁላችንም እናውቃለን። ጥሩወርቅም በዚያው ሰሞን የክፍሉ ኃላፊ ሆና ትመደባለች ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ሹመቷ ያለቀለት ጉዳይ ነበር ማለት እችላለሁ። ለዚያ ቦታ ለዓመታት የደከመች፣ የምትሠራውንም ዕቅድ አስቀድማ ያዘጋጀች ሰው ነበረች።

በስብሰባው ቀን አቶ ቢያድግልኝ ከበሩ ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ኮፍያቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር ብዬ ለመጻፍ ያምረኛል፤ ግን እርሳቸው ኮፍያ ያደርጉ እንደነበረ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰብሳቢው ጥሩወርቅን ጉዳዩን እንድታስረዳ ጠየቋት። እርሷም የሆነውን ሁሉ አንዱንም ሳታጎድል ተናገረች። በሂሳብ መምህርነቴ የማልተወው ልማድ ሆኖብኝ፣ ፋይሉ በመዝገብ ቤት ውስጥ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም ብዬ ጠየቅኋት። ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ተለውጧል» አለች። «ሰው የሚነካካው ሁሉ ይለወጣል፤ ወደፊትም ይለወጣል። መስተካከል የነበረበት ተቀባዩ ስክሪፕት ነው። ተቀባዩን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። ኮሚቴው የሚፈልገው የባለሙያ ፍልስፍና ሳይሆን የጥፋተኛ ስም መሆኑን ገለጹላት። ይህንንም የተናገሩት በክፋት አልነበረም፤ ከበላይ የተጠየቁት እንደዚያ ስለሆነ ነው። ጥሩወርቅ ከፊቷ ያለውን ወረቀት ዳር በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ባዶ ወረቀት ነበር።

«እንግዲያው የእኔን ጻፉ» አለች።

ስሟ ተጻፈ። አቶ ቢያድግልኝ በሥራቸው ቀጠሉ፤ የክፍሉ ኃላፊነት ለሌላ ሰው ተሰጠ። የተሾመው ሰው መጥፎ ሰው አይደለም፤ ይህን መናገር ይገባኛል። እርሷ ግን ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቷ በዚያው መስኮቱ በተከፈተ ክፍል፣ በዚያው ወንበር ላይ ቆየች።

ከስብሰባው ስንወጣ አብሬያት ሄድኩ። እንጅባራ እንደ ወትሮዋ በጉም ተሸፍና፣ ከግቢው በር ላይ የቆሙት ባጃጆች መብራታቸው ብቻ ነበር የሚታየው። አዝነሽላቸው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። እርምጃዋን ሳትገታ ራሷን ነቀነቀች።

«አላዘንኩላቸውም መምህር» አለች። «ያንን ሁሉ ፊደል በጣታቸው አመሳክረዋል እኮ። ትርጉም የሌለውን። እኔ የምሠራውን ነገር እንደዚያ አክብሮ የነካልኝ ሰው አላውቅም።»

«ሹመቱስ?»

ለዚህ ምን እንደመለሰችልኝ አላስታውስም። ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። አንዳንዴ ሳቀች ብዬ አስባለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ምንም አልመለሰችም፣ እኔ ነኝ ዝምታዋን በሳቅ የሞላሁት እላለሁ። በእርግጠኝነት የማውቀው፣ ባጃጅ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ጋቢዋን አስተካክላ፣ ስክሪፕቱን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እንደምታሻሽለው መናገሯን ነው። አሻሻለችውም። ከዚያ ወዲህ ስክሪፕቱ በየመስመሩ ማብቂያ አንድም ምልክት ይምጣ ሁለት፣ ምንም ሳይጠይቅ የሚበዛውን አራግፎ ይቀበላል።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አዲሱ ሰርተፍኬት በመጣ ቁጥር አንድ ነገር በመካከላቸው ይደረግ ጀመር። አቶ ቢያድግልኝ ፋይሉን ከመክፈታቸው በፊት ይደውሉላታል። ቢሮዋ ከእርሳቸው ቢሮ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው፤ መጥራትም ይችላሉ፤ ግን በስልክ ነው የሚነግሯት።

«መጥቷል፤ አልነካሁትም።»

እርሷም ከላይ ሆና ትመልሳለች።

«ይንኩት ጋሼ ቢያድግልኝ፤ ምንም አይሆንም።»

ይህንን አንድ ቀን ከአጠገቧ ሆኜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ወደ መስኮቱ ዞራ ለብቻዋ ሳቀች። ሰውየው ስልኩን ዘግተው ፋይሉን ይከፍታሉ፤ እንደ ደንባቸው ቅጂ ያወጣሉ፤ እንደ ደንባቸው ፊደል በፊደል ያመሳክራሉ። የሚያሻግሩት ፋይል የማይታየውን ምልክት ይዞ ይሄዳል፤ የእርሷ ስክሪፕት ደግሞ ተቀብሎ ያራግፈዋል። ከዚያች ሳምንት ወዲህ ድረ ገጹ አንድም ቀን ተዘግቶ አያውቅም። እስካለፈው ክረምት ማብቂያ ድረስ ማለቴ ነው።

ከስልኩ በኋላ በማግስቱ ከዳንግላ በሚኒባስ ተነሥቼ እንጅባራ ገባሁ። መዝገብ ቤት ስደርስ አቶ ቢያድግልኝ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሉኝ። ብዙ አርጅተዋል፤ እርሳቸውም የጡረታቸው ጊዜ ተቃርቧል። ለረጅም ጊዜ ስለ ቀብሩ፣ ስለ እናቷ፣ በአዊኛ ስለተወረደው ሙሾ አወሩኝ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተራቸው እያመለከቱ ፋይሉ እዚያ መሆኑን ነገሩኝ። የክፍሉ ኃላፊ ደጋግሞ ጠይቋቸዋል፤ እርሳቸውም እየተመሳከረ ነው እያሉ ሲያቆዩት ሰነበቱ። የምዝገባው ሳምንት ደግሞ እየቀረበ ነው።

«አልተመሳከረም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አልከፈትኩትም። ሲመጣ እጄ እንደ ልማዱ ስልኩን አነሣ። ደወልኩ እኮ መምህር። ማን ያንሣው?»

ስክሪፕቱ አሁን በአንድም ሆነ በሁለት ምልክት የመጣን ፋይል እንደሚቀበል፣ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ በጥንቃቄ አስረዳኋቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ያን ሁሉ እንደሚያውቁ ገባኝ።

«እርስዎ ይበሉኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«ያውቁታል።»

በዕድሜ ከእርሳቸው የምበልጥ ሰው ነኝ። በወግ አጥባቂነቴም የምታወቅ፣ የሌላውን ሰው ቃል ያለ ጥንቃቄ የማልናገር ነኝ። በዚያች ቢሮ ውስጥ፣ የጽሕፈት መኪናይቱ ከእነጨርቋ ባለችበት፣ የእርሷን ቃል እንዳለ ተናገርኩት።

«ይንኩት ጋሼ ቢያድግልኝ፤ ምንም አይሆንም።»

ጋሼ ብዬ ስጠራቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ተቀምጠው ፋይሉን ከፈቱት። ቅጂ አወጡ። ጣታቸውን በስክሪኑ ላይ አስኬዱ፤ እኔም የእርሷን በሚመስል የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀምጬ እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው። ለምን እንደዚያ እንደሚደክሙ አልጠየቅኋቸውም። ፍላሹን ለክፍሉ ኃላፊ ስንሰጠው፣ ሰውየው የእርሷን ስክሪፕት አስነሣው። ሥራውን ለመጨረስ ብዙ አልፈጀበትም። ፋይሉን ተቀበለው።

በማግስቱ ጠዋት ዳንግላ በቤቴ ሆኜ እንደ ልማዴ ድረ ገጹን ከፈትኩ። ማስጠንቀቂያው የለም። የምዝገባው ማስታወቂያ፣ የፈተናው ፕሮግራም፣ አዳዲሶቹ መጻሕፍት ሁሉም በየቦታቸው አሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ለተማሪዎቹም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው በነበረባቸው በእነዚያ ቀናት፣ ሥራው እርሷን እየጠበቀ የቆመ ይመስለኝ ነበር፤ አቶ ቢያድግልኝም እየጠበቋት ነበር። አሁን እርሳቸው ፋይሉን ከፍተዋል፤ ሥራውም ያለ እርሷ ሄዷል።

የምጠብቃት እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።